ውድ ዘይት ሁሉ ለሞተር ሳይክል አይሆንም፦ ከመግዛታችሁ በፊት ማሸጊያው ላይ ማንበብ ያለባችሁ 3 ነገሮች

ለገጻችን ሥራ የምንጠቀምባት አንዲት 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል አለች። አንድ ቀን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስንወጣ መሀል ዳገት ላይ አስቸገረችን። ነዳጅ ስንሰጣት ሞተሯ ይጮሃል፣ ጎማዋ ግን ጉልበት የለውም። ማርሽ ብንቀንስም ያው ነው። ከኋላ የነበረው ሚኒባስ ጡሩምባውን ሲለቀው ዳር ይዘን ቆምን።

የሄድንበት ጋራዥ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» አለን። የፍሪሲዮን ሸራው ተቀየረ፣ ሒሳብ ተከፈለ፣ ዘይቱም ያው የለመድነው ተሞላ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ችግሩ ተመልሶ መጣ!

ሁለተኛው ጋራዥ ያገኘናቸው አንድ ጎልማሳ መካኒክ ምንም ነገር ከመፍታታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን።

«ምን ዘይት ነው የምታስሞሉት?»

«ጋሼ፣ ዘይቷ እንኳን አሪፍ ነው። ሱቅ ውስጥ ካለው ሁሉ ውዱን ነው የምንገዛላት» አልናቸው።

ሳቁ። «ውዱንማ ለመኪና ነው የሠሩት» አሉን።

እውነታቸውን ነበር። አዲስ ሸራ የበላብን ዘይቱ ነው። ብዙዎቻችሁ በዴሊቨሪ ሥራ ላይ ናችሁ፤ ሞተር ሳይክሉን በዕቁብ ወይም በብድር የገዛችሁም አላችሁ። አንድ ቀን ከቆመ የዚያ ቀን እንጀራ ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ እኛ ከፍለን የተማርነውን እናንተ በነፃ ውሰዱት 👇

🔧 የመኪና ዘይት ለሞተር ሳይክል ለምን አይሆንም?

ማኑዋል ካምቢዮ ያለው መኪና ላይ የሞተር ዘይት ሥራው ሞተሩ ውስጥ ብቻ ነው። ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው። ፍሪሲዮኑ ደግሞ ደረቅ ነው፤ ዘይት ጭራሽ አይነካውም።

እግር ማርሽ ያላቸው አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ላይ ግን ያ አንድ ዘይት ሦስት ቦታ ያገለግላል።

1️⃣ ፒስተኑንና ሌሎች የሞተሩን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ያለሰልሳል፣ ያቀዘቅዛል፣ ያጸዳል።
2️⃣ የካምቢዮውን የማርሽ ጥርሶች ያለሰልሳል።
3️⃣ ፍሪሲዮኑ እዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው።

ችግሩ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ፍሪሲዮን የሚሠራው ሸራዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ሲይዙ ነው። ብዙ ዘመናዊ የመኪና ዘይቶች ደግሞ ነዳጅ እንዲቆጥቡ ተብሎ ሰበቃን የሚቀንስ ኬሚካል ይጨመርባቸዋል። ለመኪናው ጥሩ ነው። ሞተር ሳይክል ላይ ግን ሸራው መያዝ ባለበት ሰዓት እንዲያንሸራትት ያደርገዋል። ሲያንሸራትት ይግላል፣ ሲግል ይቃጠላል፣ ከዚያ አዲስ ሸራ ግዙ ትባላላችሁ።

ሌላም ነገር አለ። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያለው ሞተር ሳይክል የሚይዘው ዘይት 1 ሊትር ገደማ ነው። በዚያች 1 ሊትር ብዙውን ጊዜ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ፣ ነዳጅ ሲሰጠው በደቂቃ 7 እና 8 ሺህ ጊዜ የሚሽከረከር ሞተር ይሠራል። በዚያ ላይ የካምቢዮው ጥርሶች ዘይቱን እንደ ወፍጮ ይፈጩታል። የዘይቱን ውፍረት የሚጠብቁት ረጃጅም ሞለኪውሎች እየተቆራረጡ ዘይቱ ቀስ በቀስ ይቀጥናል። የሞተር ሳይክል ዘይት ይህን ሁሉ ታስቦ ነው የሚዘጋጀው።

🔎 አንደኛ የምታነቡት፦ «ጃሶ ኤምኤ»

ይህ የጃፓን የተሽከርካሪ ደረጃ አውጪ ተቋም ምልክት ነው። የጃፓን ሞተር ሳይክል ፋብሪካዎች የመኪና ዘይት እየተለወጠ መምጣቱ ፍሪሲዮን ላይ ችግር ሲያመጣ ለባለ 4 ምት ሞተር ሳይክሎች የተለየ መለኪያ አስፈለጋቸው። ደረጃው የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ዘይቱ በትክክለኛ የፍሪሲዮን ሸራ ላይ ተፈትኖ ነው የሚመደበው።

👉 ኤምኤ፦ ፍሪሲዮኑ እንዲይዝ የሚያስችል ዘይት ነው። እግር ማርሽ ላለው ሞተር ሳይክል የሚሆነው ይህ ነው።
👉 ኤምኤ1 እና ኤምኤ2፦ ሁለቱም የኤምኤ ክፍሎች ናቸው። የበለጠ የሚይዘው ኤምኤ2 ነው።
👉 ኤምቢ፦ ሰበቃው ዝቅተኛ ነው። ፍሪሲዮናቸው ከሞተር ዘይቱ ጋር ለማይገናኝ፣ በቀበቶ ለሚሠሩ አውቶማቲክ ስኩተሮች ነው። እግር ማርሽ ያለው ሞተር ሳይክል ላይ አታድርጉት።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከማሸጊያው ጀርባ፣ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው የሚገኘው። ፊት ለፊት ያለውን የሞተር ሳይክል ፎቶ አይታችሁ ብቻ አትግዙ፤ አዙሩትና ጀርባውን አንብቡ። መመሪያችሁ ኤምኤ2 ካለ ኤምኤ2 ግዙ።

«ነዳጅ ቆጣቢ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የመኪና ዘይት፣ በተለይ 0ደብሊው-20 እና 5ደብሊው-30 የመሳሰሉት ቀጫጭን ዘይቶች ላይ ጃሶ ኤምኤ ካላያችሁ ይቅርባችሁ። እኛን ያስከፈለን ይኸው ነው።

🌡 ሁለተኛ የምታነቡት፦ ቁጥሮቹ

20ደብሊው-50፣ 10ደብሊው-40፣ 10ደብሊው-30... እነዚህ የዘይቱን ውፍረት ነው የሚነግሯችሁ። «ዘይቱ 50 ስለሆነ ከ40 ይበልጣል» የሚል ሰው ሰምታችሁ ይሆናል። የጥራት ደረጃ አይደለም!

ከ«ደብሊው» በፊት ያለው ቁጥር በብርድ ጊዜ ያለውን ባሕርይ ያሳያል። ፊደሏ «ዊንተር» ከሚለው የመጣች ናት፤ የእኛ ዝናባማ ክረምት ሳይሆን የፈረንጆቹ በረዷማ ወራት ማለት ነው። 20ደብሊው የሆነ ዘይት ሞተር ለማስነሳት የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው። 10ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 25 ላይ። ደብረ ብርሃን ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ እንኳን እዚያ አይደርስም። ስለዚህ እኛ አገር በብርድ ምክንያት ዘይቱ ረግቶ ሞተር እንቢ ይላል ብላችሁ ብዙ አትጨነቁ። እንዲያም ሆኖ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘይቱ ጠዋት ቶሎ ላይኛው የሞተር ክፍል ይደርሳል። ከሞተር መበላት ብዙው ደግሞ የሚደርሰው በዚያች መነሻ ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ሞተሩ ሲግል፣ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ዘይቱ ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ይናገራል። 50 ከ40 ይወፍራል፣ 40 ከ30።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ሞተሩን የሠራው ሰው ያለው ነው የሚሻለው። ብዙ መመሪያዎች እንደ አካባቢው ሙቀት ከአንድ በላይ አማራጭ ይሰጣሉ። መመሪያችሁ ሁለቱንም ከፈቀደ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ሙቀት ውስጥ ዕቃ ጭኖ የሚውል ሰው ወፍራሙን ሊመርጥ ይችላል። ደብረ ብርሃን ጠዋት ተነስቶ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ደግሞ ቀጠን ያለው ይበቃዋል።

⚠️ መመሪያው ከሚለው አልፎ ማወፈር ጉዳት አለው። በጣም ወፍራም ዘይት ጠባብ ቦታዎች ውስጥ ቶሎ አይገባም፣ ሞተሩን ያከብደዋል፣ ነዳጅም ይበላል። በጣም ቀጭን ሲሆን ደግሞ በሙቀት ጊዜ ብረት ከብረት እንዳይነካካ የሚከለክለው ስስ ሽፋን ይሰበራል።

🅰️ ሦስተኛ የምታነቡት፦ «ኤፒአይ»

ይህ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ደረጃ ነው። ሁለት ፊደል ታያላችሁ። የመጀመሪያው ፊደል «ኤስ» ከሆነ ለቤንዚን ሞተር፣ «ሲ» ከሆነ ለናፍጣ ሞተር ነው። ሁለተኛው ፊደል በእንግሊዝኛ ፊደላት ቅደም ተከተል ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው ማለት ነው። ለምሳሌ ኤስጄ፣ ኤስኤል፣ ኤስኤም፣ ኤስኤን፣ ኤስፒ።

መመሪያችሁ ኤስኤል ካለ ኤስኤን መጠቀም ትችላላችሁ። ግን አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ጃሶ ኤምኤም አብሮ መኖር አለበት። አዲስ ፊደል ብቻውን ፍሪሲዮናችሁን አያድነውም።

ወደ ኋላ መሄድ ደግሞ አደጋ ነው። ኤስኤ የሚባለው ደረጃ ከ1930 እ.ኤ.አ. በኋላ ለተሠሩ ሞተሮች፣ ኤስቢ ደግሞ ከ1951 እ.ኤ.አ. በኋላ ለተሠሩት እንደማይሆን ተቋሙ ራሱ ይናገራል። ርካሽ ዘይት አግኝታችሁ ፊደሉን ስታዩ ኤስኤ ከሆነ፣ ከአያቶቻችን ዘመን የተረፈ ደረጃ እየገዛችሁ ነው 😅

«የናፍጣ ዘይት ጠንካራ ነው፣ ሞተር ሳይክልም ላይ ይሆናል» የሚሉም አሉ። መልሱ ቀላል ነው፦ ጃሶ ኤምኤ ተጽፎበት ከሆነ ፈተናውን አልፏል፣ ይሆናል። ካልተጻፈበት በገንዘባችሁ ሙከራ አትሥሩ።

💧 ሲንተቲክ ወይስ ሚኒራል?

«ሲንተቲክ ፍሪሲዮን ያንሸራትታል» የሚባለው ስህተት ነው። የሚያንሸራትተው ሰበቃ ቀናሽ ኬሚካሉ ነው። ጃሶ ኤምኤ ያለው ሲንተቲክ ዘይት ምንም ችግር የለበትም፤ ሙቀትን የመቋቋም አቅሙም የተሻለ ነው።

ነገር ግን ለሥራ የሚውል 125 ወይም 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል የግድ ሲንተቲክ አያስፈልገውም። ትክክለኛው ደረጃ ያለው ሚኒራል ዘይት በሰዓቱ ከተቀየረ ጥሩ ያገለግላል። ውድ ሲንተቲክ ገዝቶ «ውድ ነውና ይቆይ» እያሉ ከመጠን በላይ ከመንዳት፣ መካከለኛውን ገዝቶ በጊዜው መቀየር ይሻላል።

📅 መቼ ይቀየር?

አዲስ ሞተር ሳይክል የመጀመሪያ ዘይቱ ቶሎ ነው የሚቀየረው፤ ብዙ አምራቾች ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ያዛሉ። አዳዲሶቹ ብረቶች እርስ በርስ ሲላመዱ የሚፈጠረው ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ስለሚቀር ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ሞዴሉ ይለያያል።

ግን ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። በቀን 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ የዴሊቨሪ ልጅ በወር 25 ቀን ቢሠራ 2,000 ኪሎ ሜትር ነው። መመሪያው 3,000 ካለ በወር ከግማሽ ዘይት መቀየር አለበት። መቆም መነሳት የበዛበት ከተማ፣ አቧራ፣ ዳገትና ጭነት ሲጨመር ደግሞ ከዚያም አሳጥሩት። በዓመት ሁለቴ እቀይራለሁ የምትሉ ቆም ብላችሁ አስቡ።

ሊትሯ ትንሽ ስለሆነች ጉድለቷም ቶሎ ይጎዳል። ቢያንስ በሳምንት አንዴ ልኩን እዩ። ሞተር ሳይክሉን ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ሞተሩን ትንሽ አሙቃችሁ አጥፉት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በመለኪያው ወይም በመስታወቱ ተመልከቱ። ዘንበል አድርጋችሁ ካቆማችሁት ልኩ ይዋሻል። ከላይኛው መስመር ማለፍም ጥሩ አይደለም፤ ዘይቱ አረፋ ይሠራል፣ በጎማዎቹ በኩልም ሊወጣ ይችላል።

ዘይቱ ራሱ የሚነግራችሁ ነገርም አለ።

⚫ ጠቆረ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ቆሻሻውን ይዞ እያጸዳ ስለሆነም ይጠቁራል። የሚወስነው ኪሎ ሜትሩ ነው።
☕ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ክረምት ላይ ጎርፍ ከተሻገራችሁ በኋላ ይህን እዩ። አትንዱት፣ አስቀይሩት።
⛽ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና ልኩ ሳትጨምሩ ከፍ ካለ፣ ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየገባ ነው። ካርቡራተሩን አስዩ።
✨ ሲፈስ የሚያብለጨልጭ የብረት ቁራጭ ካየችሁ ለመካኒክ አሳዩ።

🛒 ሱቅ ስትሄዱ

➖ ከበርሜል በሊትር የሚቀዳ ዘይት ምን እንደሆነ ማረጋገጫ የላችሁም። የታሸገ ግዙ።
➖ የክዳኑ ቀለበት ያልተሰበረ፣ ከውስጥ ያለው ማኅተም ያልተነካ መሆኑን እዩ። ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ፊደል የተሳሳተበት ወይም የምርት ቁጥር የሌለው ከሆነ ተዉት።
➖ መካኒክ ጋ ስታስቀይሩ ማሸጊያው እናንተ ፊት ይከፈት። ባዶውን ይዛችሁ ሂዱ ወይም ቀዳችሁት ጣሉት። ሌላ ነገር ተሞልቶበት ለሌላ ወንድማችሁ እንዳይሸጥ።
➖ «ሞተር የሚያለሰልስ» እየተባለ ዘይቱ ላይ የሚጨመር ፈሳሽ አትጨምሩ። የሚያለሰልሰው ፍሪሲዮኑንም ነው።
➖ መንገድ ላይ ዘይት ቢጎድልባችሁና የእናንተ ብራንድ ቢጠፋ፣ በጎደለ ዘይት ከመንዳት ተመሳሳይ ቁጥርና ጃሶ ያለው የሌላ ብራንድ መጨመር ይሻላል።

መመሪያው የጠፋባችሁ ወይም ያገለገለ የገዛችሁ፣ ስልካችሁ ላይ የሞተር ሳይክሉን ስምና ሞዴል ጽፋችሁ የባለቤት መመሪያውን ፈልጉ። ብዙዎቹ በነፃ ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የዘይት መሙያው ክዳን አጠገብ ቁጥሩ ተጽፏል።

🛵 ለየት የሚሉት

እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉ ባለ 2 ምት ሞተር ሳይክሎች ዘይታቸው ከቤንዚን ጋር የሚቃጠል የ2 ምት ዘይት ነው። የእነርሱ የጃሶ ፊደል ኤፍቢ፣ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ ነው፤ ካምቢዮው ደግሞ የራሱ ዘይት አለው። ከላይ የጻፍነውን አታደባልቁት። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ያላችሁ የሞተር ዘይት አያስፈልጋችሁም፣ ተገላገላችሁ።

♻️ የተቃጠለውን ዘይት ደግሞ ቱቦ ውስጥ ወይም ሜዳ ላይ አትድፉት። ጥቂቱ ብዙ ውሃ ይበክላል። በዕቃ አጠራቅሞ ለሚያስረክብ ጋራዥ ስጡ። ቆዳ ላይ ደጋግሞ ሲነካም ጉዳት አለው፣ ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

የእኛዋስ ምን ሆነች? መካኒኩ መጀመሪያ የፍሪሲዮን ገመዱ በጣም አለመወጠሩን አዩ፤ ገመድ ሲወጠርም፣ ሞላው ሲደክምም ያንሸራትታልና። ደህና ነበር። ከዚያ የመኪናውን ዘይት አፍስሰው ጃሶ ኤምኤ2 ያለበትን ሞሉ። ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላ የተረፈው ታጥቦ እንዲወጣ ብለው ደግመው ቀየሩት። ሸራው ገና ስላልተቃጠለ ተረፈ። ቶሎ ስለደረስንበት ነው እንጂ ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም፤ ከተቃጠለ በኋላ ዘይት ብቻውን አያድነውም። አሁን እንጦጦን በሦስተኛ ማርሽ ትወጣለች። የምንሞላላት ዘይት ደግሞ ከበፊቱ በዋጋ ይረክሳል።

📸 ይህችን ስክሪንሹት አድርጋችሁ ያዙ፦

✅ መጀመሪያ መመሪያው ምን ይላል?
✅ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 አለው?
✅ ቁጥሩ (ለምሳሌ 20ደብሊው-50) መመሪያው ከሚለው ጋር አንድ ነው?
✅ ኤፒአይ «ኤስ» ሆኖ ሁለተኛው ፊደል መመሪያው ከጠየቀው ያላነሰ ነው?
✅ ማኅተሙ አልተነካም?
✅ ስታስቀይሩ የማሸጊያውን ጀርባና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ። ቀጣዩን ቀን ስልካችሁ ያስታውሳችኋል።

እናንተስ? ዘይት ቀይራችሁ ፍሪሲዮን አስቸግሯችሁ ያውቃል? ምን ሞዴል ትነዳላችሁ፣ ምን ዘይትስ ተስማማችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ሞተር ሳይክል ላይ እንጀራው ያለ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ አሁኑኑ ላኩለት፤ ሸራ ከመግዛቱ በፊት ይድረሰው 🙏